ይቅርታ የተደረገለት ቧንቧ

የጥብቅና ፈቃዴን ከመለስኩ በኋላ ማንም አይጠራኝም ብዬ ነበር። ተጠራሁ። አንድ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ «የሕግ ባለሙያዎች ሚና በአየር ንብረት ለውጥና በዘላቂ ንግድ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። በየጠረጴዛው ላይ በፕላስቲክ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ማቀዝቀዣው ከመጠን በላይ ተከፍቶ ነጠላዬን ደርቤ እየተንቀጠቀጥኩ ስለ ምድር መሞቅ ንግግር ሰማሁ። ተናጋሪው ሰሎሞን ነበር። እኔና ሰሎሞን የጥብቅናን ሥራ የተማርነው በአንድ ጠባብ ቢሮ ውስጥ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን ነው።

«እዚሁ አቃቂ ወንዝ ዳር» አለ ማይኩን ጠጋ ብሎ፣ «አንድ የቆዳ ፋብሪካና አርሶ አደሮች ሲካሰሱ ቆይተው በባህላችን መሠረት ታርቀዋል። ዓለም ከእኛ መማር ያለበት ይህንን ነው። ያኔ የአርሶ አደሮቹ ጠበቃ የነበረችው እህቴ ወይዘሮ ጽጌ እዚህ መካከላችን አለች። እስቲ አጨብጭቡላት!»

አጨበጨቡ። ተነስቼ ጎንበስ እንድል ይጠብቁ ነበር። አልተነሳሁም።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ጭብጨባ መልስ እንዲሆን ነው። ስለ ትዳሬና ስለ ልጆቼ አልጽፍም፤ ማንንም አይመለከትም። የምጽፈው ስለ ሥራዬ ነው። ሲያነበው የሚከፋው ሰው ካለ ይክፋው፤ እኔም ብዙ ዘመን ከፍቶኝ ኖሬያለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ዛሬ በሌለ አንድ የመንግሥት ፋብሪካ ውስጥ፣ ነገረ ፈጅ ሆኜ ነው። መስኮቴ ሥር የፍሳሽ ቦይ ያልፋል። ከታች ያሉት መንደርተኞች ከብቶቻችን ታመሙ እያሉ አቤቱታ ይልካሉ፤ መልሱን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ሥራ አስኪያጁ የሚፈልጉት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። «አቤቱታው መሠረተ ቢስ ነው። ሌላ ምን ያስፈልጋል?» ይሉኛል። አንድ ቀን፣ እስቲ ወርጄ ልየው ብላቸው ከት ብለው ሳቁ።

«ነገረ ፈጅ ወንዝ ትወርዳለች? ልብስ ልታጥቢ ነው?»

ጸሐፊያቸውም አብራ ሳቀች። ያንን ሳቅ እስካሁን አልረሳሁትም። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለአውቶቡስ ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም። ፋብሪካው ሲሸጥ የአባቴን ስም አሳስተው የጻፉበት የምስጋና ወረቀት ሰጥተው አሰናበቱኝ።

ከዚያ ጋሽ ተሰማ ዘንድ ገባሁ። ቢሯቸው ሳሪስ አቦ፣ ከአንድ ጎሚስታ ቤት በላይ ነበር። ጎማ መንፊያው ሲነሳ ደንበኛና ጠበቃ አፍ ለአፍ ገጥመው ይጯጯሃሉ። የሕግ ሰዎች ስለሚያከብሯቸው አስተማሪዎች ሲጽፉ መልአክ አድርገው ነው። ጋሽ ተሰማ መልአክ አልነበሩም፤ ቁጡና ንፉግ ነበሩ፤ ሻይ ጋብዘውኝ አያውቁም። ግን ሥራ ያውቁ ነበር።

ከበሩ ኋላ ሁልጊዜ ጭቃ የነካው ጥቁር ቦቲ ጫማ ይቆማል። ወሰን ሆነ ቤት ሆነ ውሃ፣ ቦታውን በእግራቸው ሳይረግጡ ስለ እሱ አንድ መስመር አይጽፉም። እኔንም የመጀመሪያ ሳምንት ላይ ቦቲ እንድገዛ አዘዙኝ። ሌላው ጠባያቸው ደግሞ ክስን ከመጨረሻው መጀመራቸው ነው። ሁላችንም የተማርነው ፍሬ ነገሩን፣ ማስረጃውን፣ በስተመጨረሻ ደግሞ የሚጠየቀውን ዳኝነት መጻፍ ነው። እሳቸው ባዶ ወረቀት ይሰጡኝና «ዳኝነቱን ጻፊ» ይላሉ።

«ጋሽ ተሰማ፣ ምን እንደተደረገ ሳልጽፍ?»

«የተደረገው የትም አይሄድም። እስቲ ፈረዱልሽ እንበል። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋው ተነስቶ ፍርዱን የሚፈጽመው ማነው? በሩን የሚከፍተው፣ ውሃውን የሚዘጋው ማነው? በየትኛው እጁ?»

መልሱን ካላወቅሁ ወረቀቱን ይነጥቁኛል። ጽፌ ስጨርስ ደግሞ ደንበኛውን አስቀምጠው ክሱን ጮክ ብለው ያነቡለታል፤ ዓይናቸው ከወረቀቱ ይልቅ ደንበኛው ፊት ላይ ነው። ግንባሩ ከተቋጠረ እዚያ ቦታ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ እንደገና እጽፈዋለሁ። ከሁሉም በላይ የሚጠሉት «በተቻለ መጠን» የሚለውን አነጋገር ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ወረቀቱ እስኪቀደድ ይሰርዙታል።

«ይህን የሚጽፍ ሰው ደንበኛውን ሸጧል። ቢፈርዱለትም ባዶ እጁን ይሄዳል» ይሉ ነበር።

ሰሎሞንም ይህንን ሁሉ አብሮኝ ሰምቷል። እንዲያውም ጋሽ ተሰማ ሲወጡ መነጽር አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ «በየትኛው እጁ?» እያለ ያስቀኝ ነበር። ጎበዝ ነበር፤ ከእኔ ይፈጥናል። መኪና የሚሰጠው መሥሪያ ቤት አግኝቶ ሲለቅ አልተቀየምኩትም። የተቀየምኩት እዚያ የተማረውን ገልብጦ ስለተጠቀመበት ነው።

ጠበቃ ለአየር ንብረት ምን ሊያደርግ ይችላል ብለው ዛሬ በየአዳራሹ ሲጠያየቁ እሰማለሁ። እኔ የራሴን ቢሮ ከከፈትኩ በኋላ ያደረግሁትን ልንገራቸው። ቃሊቲ ውስጥ አንድ የዳቦ ቤት ባለቤት ለማስፋፊያ ከባንክ ሊበደር ውሉን እንድመረምርለት መጣ። ምድጃዎቹ በናፍጣ ነው የሚሠሩት፤ ጭሱ የጎረቤት ግድግዳ አጥቁሯል፤ ጎረቤት ሊከሰው ደርሷል፤ ናፍጣም በየጊዜው ይወደዳል። ከባንኩ ነገረ ፈጅ ጋር ተነጋግረን አንድ አንቀጽ አስገባን፤ ሁለተኛው የብድር ክፍያ የሚለቀቀው ምድጃዎቹ በኤሌክትሪክ ከተቀየሩ በኋላ ነው የሚል።

«ወይዘሮ ጽጌ፣ የእኔ ጠበቃ ነሽ ወይስ የጎረቤቴ?» ብሎ ጮኸብኝ።

«ያንተ ነኝ። ፈርም።»

ፈረመ። ቀየረ። ክሱም ቀረ። በየዓመት በዓሉ ሰፌድ የሚያህል ድፎ ዳቦ ይልክልኝ ነበር። ስለዚያ አንቀጽ ማንም አዳራሽ ተከራይቶ ንግግር አላደረገም። ሥራው ግን እሱ ነው፤ ጨርቅ መስቀል አይደለም።

አሁን ወደ ቧንቧው ልምጣ።

አቃቂ ወንዝ ዳር ቆስጣና ጥቅል ጎመን የሚያለሙ ቤተሰቦች አሉ። ከተማው ሳይደርስባቸው በፊት እዚያው ያረሱ የነበሩ ሰዎች ልጆች ናቸው። ቢሮዬ የመጡት እትዬ ሹሜ የሚባሉ ባልቴት መርተዋቸው ነው። እትዬ ሹሜ ሲበሳጩ በኦሮምኛ ይጀምሩና በአማርኛ ይጨርሳሉ፤ ያን ቀን ብዙውን የተናገሩት በኦሮምኛ ነበር። ከላያቸው ያለው የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሹን ወደ ወንዙ ይለቃል። ድሮ ውሃው ሲከፋ ዝናብ ይጠብቁ ነበር። ዝናቡ ወቅቱን እየሳተ ሲመጣ ግን መጠበቅ አልቻሉም፤ ያንኑ ውሃ በሞተር ስበው አጠጡ። የጎመኑ ቅጠል ዳር ዳሩ ተቃጠለ፤ የእጃቸው ቆዳ ተላጠ። የአየር ንብረት ለውጥ የሚባለውን ነገር እኔ ያየሁት እዚያ ነው። የሰማዩ በደል የፋብሪካውን በደል አጉልቶ አወጣው።

ቦቲዬን አድርጌ ወረድኩ። ቧንቧው በቁጥቋጦ ተሸፍኗል፤ ሽታው ግን መንገዱን ይመራል። ከዚያ ተመልሼ እንደተማርኩት ከዳኝነቱ ጀመርኩ። ማጣሪያው እስኪሠራ ቧንቧው ይዘጋ፤ መዝጋቱን የፋብሪካው የቴክኒክ ኃላፊ በስሙ ያረጋግጥ፤ የውሃው ናሙና ለፋብሪካው ሳይነገር ይወሰድ። ሕጉ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስቀድሞ አቤት ማለትን ያዛል። አቤት አልን፤ መልስ ጠፋ፤ ከሰስን።

ፋብሪካው ማጣሪያ አለኝ ብሎ መልስ ሰጠ። እውነት ነው፣ ማጣሪያ ነበረው። ኤሌክትሪክ ይበላል ተብሎ አይበራም እንጂ። የፋብሪካው ጠበቃ ሰሎሞን ነበር። ፍርድ ቤቱ ባለሙያዎች ናሙና እንዲወስዱ አዘዘ፤ ቀኑም እንደ ደንቡ ለሁለቱም ወገን ተነገረ። በቀጠሮው ቀን ወንዙ ዳር ስንቆም ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ የምንጭ ውሃ ይመስላል።

እትዬ ሹሜ ጎንበስ ብለው አዩትና «ዛሬ ሠርግ አለባቸው እንዴ?» አሉ።

ባለሙያዎቹ እንኳን ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። እኔ አልሳቅሁም። ድጋሚ አመለከትኩ፤ ተከራከርኩ፤ በመጨረሻም ዳኛው ናሙናው ለማንም ሳይነገር እንዲወሰድ አዘዙ። በዚያች ዕለት ከችሎት ስንወጣ ሰሎሞን ደረጃው ላይ ቆሞ ስልክ እያወራ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። አሸንፈናል አልኩ በልቤ።

ከዚያ ሽማግሌ ተላከ።

እሑድ ቀን ነው። እኔ አልተነገረኝም፤ ሆን ተብሎ ነው። እትዬ ሹሜ ደውለው «ልጄ፣ ሽማግሌ መጥቷል፤ ቶሎ ነይ» ባይሉኝ ኖሮ ችሎት ላይ ነበር የምሰማው። ታክሲ ተሳፍሬ ስደርስ የመንደሩ ሰው ሜዳው ላይ ዛፍ ሥር ተሰብስቧል። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ መሬት ላይ ተንበርክኳል። በዳይ ይቅርታ ሲለምን እንዲህ ያደርጋል፤ ድንጋይ ተሸክሞ የወደቀን ሰው ደግሞ አልምርህም ማለት በመንደሩ ዘንድ ነውር ነው። ሰሎሞን ከጎኑ ቆሟል። በሱፍ ልብሱ ላይ ጋቢ ደርቧል። በሕይወቴ ጋቢ ለብሶ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የመንደሩ ሰዎች የንስሐ አባት፣ ይናገራሉ። «ይኸው፣ ትልቅ ሰው ሆኖ እግራችሁ ሥር ወድቋል። ሰው አይደለም ወይ? ልጆች የሉትም ወይ? ስለ ፈጣሪ ብላችሁ ይቅር በሉት።»

«አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና» አልኩ፣ «እኛ የከሰስነው እኚህን ሰውዬ አይደለም። ፋብሪካውን ነው። እሳቸው ነገ ሥራ ይለቃሉ፤ ቧንቧው ግን እዚያው ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ችሎት አይደለም። ትላልቅ ሰዎች ሲናገሩ ተቀመጪ።»

«ጽግዬ» አለ ሰሎሞን ድምፁን አለስልሶ፣ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ፣ «ባህላችን ነው። አክብሪው።»

ባህል ስለማክበር ከእሱ የምማረው ነገር የለኝም። ሽምግልና ደም ሲያደርቅ አይቻለሁ፤ ፍርድ ቤት ያቃተውን የወንድማማች ጠብ ሲያበርድ አይቻለሁ። ግን እርቅ የሚሠራው የሚጸጸት ሰው ሲኖር ነው። የፋብሪካ ቧንቧ አይጸጸትም። ሰዎቹ ደግሞ ደግ ናቸው፤ የተንበረከከ ሰው እያዩ፣ የንስሐ አባታቸው ቆመው እየለመኑ፣ «የለም፣ ጉዳያችን ከቧንቧው ጋር ነው» ለማለት አንጀታቸው አልቻለም። ይህንን ሰሎሞን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ስለዚህ ነው ያደረገው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ አንዱ። ሌላውም ተከተለ። እየተነሱ ሰውየውን ከመሬት አነሱት፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ድንጋዩ ሣሩ ላይ ወደቀ። እትዬ ሹሜ ብቻ ከተቀመጡበት አልተነሱም።

«እትዬ ሹሜ፣ ተነሱ እንጂ!» አሏቸው ጎረቤታቸው።

«ጉልበቴን ያመኛል።»

«እንግዲያው ተቀምጠው ይቅር ይበሉ።»

«አፌንም ያመኛል።»

ለእርቁ የመጣው በግ ገና ሳይታረድ የእርቅ ስምምነቱ ከሰሎሞን ቦርሳ ወጣ፤ ተተይቦ የመጣ ነው። ቆሜ አነበብኩት። ፋብሪካው «ፍሳሹን በተቻለ መጠን አጣርቶ ለመልቀቅ» ተስማምቷል። ቀና ብዬ ሰሎሞንን አየሁት። ዓይኑን ወደ በጉ አዞረ። ደንበኞቼን አትፈርሙ አልኳቸው፤ ይቅር ካልን በኋላ እንዴት ብለው ተቆጡኝ። ከእትዬ ሹሜ በቀር ሁሉም ፈረሙ።

ስምምነቱ ፍርድ ቤት ገብቶ ጸደቀ፤ የፈረሙት ሁሉ ክርክር ተዘጋ። ሳይነገር ሊወሰድ የነበረው ናሙና ሳይወሰድ ቀረ። እትዬ ሹሜን ብቻቸውን ይዤ ልቀጥል ፈልጌ ነበር፤ ግን የእድር ሰዎች ሰላምታ ነሷቸው። እርቅ አፍራሽ ተባሉ። እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ «ተይው ልጄ፣ ብሞት የሚቀብረኝ ሰው እፈልጋለሁ» አሉኝ። ክሱን አነሳንላቸው። ያን ቀን ዳኛውን የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፤ እንደገና የመክሰስ መብታቸው ተጠብቆ ይመዝገብልኝ አልኩ።

«ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ ዳኛው ሰዓታቸውን እያዩ።

«ይመዝገብልኝ» አልኩ። ተመዘገበ።

ጋሽ ተሰማ ያኔ አልጋ ላይ ነበሩ። ስምምነቱን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩ። «በተቻለ መጠን» ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ማነው የጻፈው?»

«ሰሎሞን።»

«አላስተማርኩትም ማለት አልችልም። ቃሉ ምን እንደሚያደርግ በደንብ ነው ያስተማርኩት» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም። ቀብራቸው ላይ የሰሎሞን የአበባ ጉንጉን ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

እንግዲህ በአዳራሹ የተጨበጨበልኝ ለዚህ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ሰሎሞን ሙዝና ብርቱካን ይዞ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ቤቴ ድረስ መጣ። ደረጃውን ወጥቶ እስኪጨርስ ትንፋሹ ተቆራርጧል። ውሃ ሰጠሁት። ከዚያ ጉዳዩን አወጣ። ፋብሪካው ቆዳውን ውጭ አገር ለሚገኝ ገዢ ሊሸጥ ነው። ገዢው በአካባቢ ጉዳይ ጥብቅ ሆኗል፤ ከወንዙ ሰዎች ጋር የነበረው ክርክር ማለቁን ማወቅ ይፈልጋል። እኔ የቀድሞ ጠበቃቸው፣ እርቁ ጸንቷል፣ ቅሬታ ያለው ሰው የለም ብዬ እንድፈርም ነው የመጣው።

«ማጣሪያው ይበራል?» አልኩት።

«እየተሠራበት ነው።»

«ሰሎሞን፣ በየትኛው እጁ?»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። «አንቺ አሁንም እዚያው ነሽ።»

«አንተስ ከዚያ ወጥተህ የት ደረስክ? ስማ፤ ገዢው ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቀህ። ጠበቃ ሆነህ የምትሠራው ሥራ በእጅህ ገብቷል። ማጣሪያው ካልበራ ቆዳው አይጫንም፣ ናሙናም ሳይነገር ይወሰዳል ብለህ ውሉ ላይ ጻፍ። ሌላ ፊርማ አያስፈልግህም።»

«ደንበኛዬ አይቀበለውም።»

«የዳቦ ቤቱ ባለቤትም አልቀበልም ብሎ ነበር።»

«ስንት ሰው እኮ ነው እዚያ እንጀራ የሚበላው ጽግዬ! ለአንዲት አሮጊት ኩርፊያ ብለሽ ነው?»

«ሕጉ፣ አካባቢን የበከለን ማንኛውም ሰው መክሰስ ይችላል ነው የሚለው። አንዲት አሮጊትም ሰው ናት። ክሷን አነሳች እንጂ አልታረቀችም፤ ረስተኸው እንደሆነ እኔ አስመዝግቤዋለሁ።»

ተነሳ። ፍራፍሬውን ተወው፤ በሩ ላይ መልሼ አስያዝኩት።

በማግስቱ ቦቲዬን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ቧንቧው ይፈሳል፤ የሠርግ ቀን አልነበረም። ከዚያ እትዬ ሹሜ ቤት ሄድኩ። እርሻው ግማሹ ጾም አድሯል፤ ለቀሪው ንጹሕ ውሃ እየገዙ በበርሜል ያጠራቅማሉ። እኔ ጠበቃ መሆኔ ቀርቷል፤ ፈቃዴን መልሻለሁ። ስለዚህ ለማንም ጠበቃ ሆኜ አልቆምም። «ማንኛውም ሰው» የሚለው የሕጉ ቃል ግን እኔንም ይጨምራል። የዚህ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ነኝ። አቤቱታውን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የማስገባው በራሴ ስም ነው፤ መልስ ካጣሁ የምከሰውም በራሴ ስም ነው። ዳኝነቱን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ግንባራቸው አልተቋጠረም።

«የእኔንም ስም ጻፊ» አሉ።

«እድሩስ እትዬ ሹሜ?»

«የተቆጡኝ ሁሉ ቀድመውኝ ሞተዋል። ቀብሬያቸዋለሁ።»

«ሽማግሌ ይልካሉ። ሥራ አስኪያጃቸውን ደግሞ ድንጋይ አሸክመው ያመጡታል።»

እትዬ ሹሜ ወደ ውሃ በርሜላቸው አመለከቱ። ክዳኑን ነፋስ እንዳይወስደው አንድ ጥቁር ድንጋይ ተጭኖበታል። በእርቁ ቀን ሁሉም በግ ሊበላ ሲሄድ ከሣሩ ላይ አንስተው ወስደውት ኖሯል።

«ይምጣ» አሉ። «ሌላ ድንጋይ መፈለግ የለበትም። ይህንኑ ይሸከምና፣ እኔ እየመራሁት፣ ወርዶ ቧንቧው አፍ ላይ ይጣለው። ያኔ ጉልበቴንም አያመኝም፤ እነሳለታለሁ።»